ቆዳው የተገፈፈው ቤተክርስቲያን

ዛሬ ስለ ቆዳ እንጫወት። ክሬምና ሎሽን ልመክራችሁ ግን አይደለም፤ እሱን በዚህ ገጽ ላይ እስኪበቃችሁ አንብባችኋል። የዛሬው ቆዳ የግንብ ቆዳ ነው። ሳቃችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ግንብም ግን ቆዳ አለው። ከገፈፉት ይቆስላል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ቀስ እያለም ያልቃል። ይህንን ያየሁት ህንድ አገር፣ ጎዋ የምትባል የባህር ዳር ግዛት ውስጥ፣ ከ400 ዓመት በላይ ባስቆጠረ አንድ ቤተክርስቲያን ላይ ነው።

ጎዋ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? የባህር ዳርቻ፣ እስኪነጋ የሚጨፈርበት ሙዚቃ፣ አሸዋ ላይ የተዘረጋ ፈረንጅ... ልክ ናችሁ፣ እሱም አለ። እኔ የሄድኩት ግን «አሮጌው ጎዋ» ወደሚባለው ነው። አክስቴን ለሕክምና ይዘን ሙምባይ ከርመን ነበር። ቀዶ ሕክምናዋ ደህና አልቆ ማገገም ስትጀምር «አንቺ ልጅ፣ ፊቴን እያየሽ ከምትቆዝሚ ሁለት ቀን ወጣ ብለሽ ተናፈሺ» አለችኝ። የአጎቴ ልጅ አጠገቧ ስለነበረች እሺ አልኩ። አብሮኝ የሄደው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እዚያው ሙምባይ ለሁለተኛ ዲግሪው የግንባታ ዕቃዎችን ያጠናል። ስሙን አልጠራም። የገጻችን ደንብ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እናቱ ይህን ጋዜጣ ስለሚያነቡ ነው። «ልጅሽ ከሴት ጋር ጎዋ ሄደ» የሚል ወሬ በኔ በኩል እንዲደርሳቸው አልፈልግም!

ማታ ሙምባይ ላይ ባቡር ተሳፍረን፣ ረፋዱ ላይ ካርማሊ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድን። ከዚያ አሮጌው ጎዋ ቅርብ ነው። ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፖርቱጋሎች ጎዋን በ1510 ያዙ። ከዚያ በኋላ በእስያ ለያዟቸው ቦታዎች ሁሉ ዋና ከተማ አደረጓት። አብያተ ክርስቲያናት፣ ገዳማት፣ ኮሌጆች ተገነቡባት። ኋላ ወባውና ኮሌራው ሕዝቡን ሲፈጀው ሰው እየለቀቀ ሄደ፤ በ1843 ዋና ከተማነቱ በይፋ ለፓንጂም ተሰጠ። የህንድ ጦር ገብቶ ፖርቱጋሎችን ያስወጣው በ1961 ነው። ዛሬ አሮጌው ጎዋ ስትደርሱ ከተማ የለም። ሣር፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ከመሀሉ ደግሞ ግዙፍ ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት ብቻ። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ነጩና ቀዩ

ከመንገዱ በአንድ ወገን ካቴድራሉ ቆሟል። የቅድስት ካትሪን ነው። በ1562 ተጀምሮ በ1619 አለቀ። ሁለት ማማ ነበረው፤ አንደኛው በ1776 ወድቆ ዛሬም አንድ ክንፉ እንደተሰበረ ወፍ ሆኖ ይታያል። ነጭ ነው፤ ዓይን የሚወጋ ነጭ፤ ኖራ የተቀባ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ቦም ጄዙስ አለ። ትርጉሙ «መልካሙ ኢየሱስ» እንደ ማለት ነው። በ1594 ተጀምሮ በ1605 ተባረከ። የቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር አስከሬን ያረፈው እዚህ ስለሆነ ጎብኚው እንደ ጉንዳን ነው። ይኸኛው ቀይ ነው። ቡናማ ቀይ፣ ጡቡ ሁሉ የሚቆጠር፣ ጥንታዊ ጥንታዊ የሚሸት። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቀዩ ነው የሚሮጠው። እኔም ተሽቀዳድሜ ቆሜ «አንሳኝ እስቲ!» አልኩት ጓደኛዬን።

«ያምራል አይደል?» አለኝ እያነሳኝ።

«በጣም!»

«ታማሚ ነው። ቆዳውን ተገፎ ነው እንዲህ የቀላው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነው። ቦም ጄዙስም እንደ ካቴድራሉ ነጭ ነበር፤ ግድግዳው በኖራ ልስን ተሸፍኖ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በ1950ዎቹ፣ ፖርቱጋሎች ገና ሳይወጡ፣ «ልስኑ ቢነሳ የጥንትነት ግርማው ጎልቶ ይታያል» ተብሎ ተላጠ። ፋሽን ነበር በሉት። ድንጋዩ ይታይ፣ ዕድሜው ይታይ የሚል ፋሽን። ዛሬ በየካፌውና በየሆቴሉ ልስኑን አስፈቅፍቆ ጡቡን የሚያሳይ ስንት አለ አይደል? እሱ ዓይነት ነገር።

ችግሩ ድንጋዩ ነው። የጎዋ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ላተራይት ከሚባል ቀይ ድንጋይ ነው። ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ጡብ ይቆረጣል፤ አየር ሲመታው ይጠነክራል። ፍራንሲስ ቡካናን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1807 ስሙን ሲያወጣለትም ከላቲኑ «ጡብ» ከሚለው ቃል ነው የወሰደው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ዓይን አለው፤ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። ውሃ በዚያ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፤ ሲወጣ ውስጡ ያለውን ሸክላ አፈር እያጠበ ይወጣል። ጎዋ ላይ ደግሞ በዓመት ወደ 3,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ክረምት የሚያማርራችሁ ሁሉ ስሙ፤ የኛ ከ1,200 ብዙም አይርቅም። የነሱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠቃሎ የሚወርድ።

እንግዲህ የጥንቶቹ ግንበኞች ይህን አውቀው ነው በኖራ የሸፈኑት። ልስኑ ዝናቡን ፊት ለፊት ይቀበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ሲያረጅ ተፍቆ ሌላ ይቀባል። በየዓመቱ ከዝናቡ በኋላ ኖራ መቀባት እኛ ጋ ለእንቁጣጣሽ ቤት እንደሚጸዳው ዓይነት ነገር ነው። ሜካፕ አድርጋችሁ አትዩት፤ ቆዳ ነው።

አሁን ቦም ጄዙስ ግድግዳ ላይ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የጡቦቹ ጠርዝ ተሸርፏል፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው ቦታም አለ። በ2020 የቤተክርስቲያኑ አገልጋዮች «ልስኑ ይመለስ» ብለው በይፋ ጠይቀው የአገሩ ጋዜጦች ተከራክረውበታል። የሚቃወሙም አሉ። ሰባ ዓመት ቀይ ሆኖ ስላዩት፣ ፖስት ካርዱም ሁሉ ቀይ ስለሆነ «ነጭ ካደረጋችሁት የኛው ቦም ጄዙስ አይደለም» ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይለሰን ባይ ነኝ። ፎቶዬ ቀይ ላይ ቢያምርም!

የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ

«እሺ ይለሰን። በምን ይለሰን?» ብሎ ነው ጓደኛዬ ያፋጠጠኝ። «በኖራ» አልኩት። «የቱ ኖራ? በምን ያህል አሸዋ? የወንዝ አሸዋ ነው የባህር? ውስጡ ምን ነበረበት?» ዝም አልኩ። እሱ የሚማረው ይህንኑ ነው። አሮጌ ግንብ ውስጥ ድንጋይና ድንጋይን ያያያዘውን ነገር፣ ግንበኞቻችን ሞርታር የሚሉትን፣ ላቦራቶሪ አስገብቶ ምንነቱን ማወቅ።

በቅድሚያ ኖራ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ጎዋ ላይ የኖራ ድንጋይ እንደልብ አይገኝም። የባህርና የወንዝ ዳር ዛጎል ግን ሞልቷል። ዛጎሉን ሰብስበው 900 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ያቃጥሉታል። ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በንኖ ይወጣና ውሃ ሲነካው ፍልቅ ፍልቅ እያለ የሚፈላ ነገር ይቀራል። በውሃ ካበረዱት በኋላ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግንቡ ላይ ሲገባ ቀስ እያለ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዛጎል ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ከዛጎሉ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ሆነ። ይህቺን ነገር የዘጠነኛ ክፍል አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር፤ ያኔ እንዲህ ብለው ቢያስረዱኝ ኖሮ ኬሚስትሪን አልጠላም ነበር።

አሁን ላቦራቶሪ እንግባ። ሁሉም የሚጀምረው ከትንሽ ፍርፋሪ ነው፤ እሷም በፈቃድ የምትነሳ፣ ከየት ግድግዳ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣች የተመዘገበች። የመጀመሪያው ዘዴ የድሮ ነው። ፍርፋሪውን ፈጭቶ በቀጭኑ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ መክተት። ኖራው እየፈላ ይሟሟል፤ አሸዋው ሥር ይቀራል። አሸዋውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በወንፊት ነፍቶ ሲመዝኑት «ለአንድ እጅ ኖራ ይህን ያህል እጅ አሸዋ ነበር» ማለት ይቻላል። ቀላል አይደል? ጎዋ ላይ ግን ወጥመድ አለው። አሸዋው ውስጥ የዛጎል ስባሪ ካለበት አሲዱ እሱንም ይበላዋል! ዛጎሉም ኖራ ሆኖ ይቆጠርና ሂሳቡ ሁሉ ይዛባል።

ለዚህ ነው ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው። ፍርፋሪውን በሙጫ አጠንክረው 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይሞርዱታል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ነገር ይታያል። በደንብ ያልተቃጠለ ዛጎል ቅርጹን እንደያዘ፣ በደንብ ያልተለወሰ የኖራ እብጠት፣ የወንዝ አሸዋ ክብ ክቡ፣ የላተራይት ዱቄት ቀይ ቀዩ። የፖርትላንድ ሲሚንቶ ቅንጣት ከታየ ደግሞ ያች ፍርፋሪ የ1600 ልትሆን አትችልም፤ ያ ሲሚንቶ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘው በ1824 ነውና በኋላ ዘመን ጥገና ነው። ቁጭ ብሎ የወንጀል ምርመራ ፊልም እንደማየት ነው እኮ!

በኤክስሬይ ማዕድኑን መለየት አለ፤ እያሞቁ ክብደቱ በስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀንስ መከታተልም አለ። እነሱን ልለፋቸውና አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ኖራው ሲደርቅ የሳበው አየር የዚያን ዓመት አየር ነው አይደል? ስለዚህ በራዲዮካርቦን ዘዴ «መቼ ደረቅህ?» ብሎ ራሱን ሞርታሩን መጠየቅ ይቻላል። ይህን መሞከር የተጀመረው በ1960ዎቹ ነው። እዚህም ላይ ያልተቃጠለ ዛጎል ካለ ያስቸግራል፤ የራሱን ዕድሜ ጨምሮ ግንቡን ያስረጀዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለሚለው ጓደኛዬ የሰጠኝ መልስ የመኪና ነበር። «የፍሬን ሸራ ታውቂያለሽ? ሸራው ነው ማለቅ ያለበት፤ ታምቡሩ መትረፍ አለበት። ሞርታርም ከድንጋዩ ደከም ማለት አለበት። እርጥበቱም ጨዉም በሱ በኩል ይውጣ፣ እሱ ይለቅ፣ እሱ ይቀየር።» ከድንጋዩ የጠነከረ ሲሚንቶ ሲያስገቡበት ነገሩ ይገለበጣል። ሲሚንቶ አይተነፍስም። ውሃው መውጫ አጥቶ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ውስጡ ያለው ጨው ድንጋዩ ፊት ላይ እየረጋ ቅርፊት ቅርፊቱን ይጥለዋል። ከዓመታት በኋላ ድንጋዩ ተበልቶ ሲሚንቶው ብቻ እንደ ገጠጠ አጥንት ይቀራል። ላስቲክ ጃኬት ለብሳችሁ ሮጣችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡ ባይነካችሁም በላባችሁ ትርሳላችሁ። እንደዚያ ነው።

ዛጎል አቃጣዩ አያት

ወደ ቦም ጄዙስ መግቢያ መንገድ ዳር ሻማ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ከሻማው ጋር ከሰም የተሠራ እጅ፣ እግር፣ ጆሮ ይሸጣሉ፤ የታመመ የአካል ክፍላችሁን ገዝታችሁ ለስለት ታስገባላችሁ። ከስልሳ ዓመት የማያንሱ አንዲት እናት ጋ ቆምን። በእንግሊዝኛም በእጅም ተግባባን። እንዲያው ለክፋት ሳይሆን «ይሄን ቤት የሠሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው፤ ቢፈርስ ያሳዝንዎታል?» አልኳቸው።

ጥያቄው ከአየር አልመጣም። እዚህ አገር ፖርቱጋሎች የሂንዱ ቤተ መቅደሶችን አፍርሰዋል፤ የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤታቸው ከ1560 እስከ 1812 ሰው ሲያስር፣ ሲያሰቃይ፣ ሲያቃጥል ኖሯል። ካርታውን ያወጣው ከአውሮፓ ነው፤ የፊት ለፊቱን ገጽታ ያያችሁ እንደሆነ ቁርጥ የአውሮፓ ነው።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። አያታቸው ወንዝ ዳር ዛጎል አቃጣይ እንደነበሩ፣ በጭሱ ዓይናቸው ጠፍቶ እንደሞቱ ነገሩን። ከዚያ በሻማ በተጨማለቀ ጣታቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «የኛ ሰው ነው ያቃጠለው፣ የኛ ሰው ነው የተሸከመው» አሉ። ዋጋ ግን አልቀነሱልንም!

ጓደኛዬ በኋላ እንዳለኝ ላቦራቶሪውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ዛጎሉ የዚያው ወንዝና ባህር፣ አሸዋው የዚያው፣ ቀዩ ዱቄት የዚያው። የገዢዎቹ መዝገብ የመነኩሴውንና የሹሙን ስም ይጽፋል፤ ያቦካውን ሰው ስም አይጽፍም። የሱ ምልክት ያለችው በዚያች ሞርታር ውስጥ ነው። በደንብ ያልፈጨው ዛጎል ሳይቀር ይታያል። ያንን በሲሚንቶ ቆፍሮ መተካት የሱን የእጅ ጽሑፍ መደምሰስ መሰለኝ።

የሰም ሆድ ገዝቼ ለአክስቴ ብዬ አስገባሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቢሆንም ማን ያውቃል!

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮረብታው ወጣን፤ የቅዱስ አውግስጢኖስ ፍርስራሽ ወዳለበት። በ1602 አልቆ የነበረ ትልቅ ቤተክርስቲያን ነው። የፖርቱጋል መንግሥት የመነኮሳት ማኅበራትን ሲዘጋ በ1835 ባዶውን ቀረ። ኖራ የሚቀባው፣ ጣሪያ የሚያይለት ሰው ጠፋ። ሰባት ክረምት ብቻ ነው የቆየው፤ በ1842 ጣሪያው ተደረመሰ። ደወሉን ወደ ፓንጂም ወሰዱት። በ1931 የፊት ግንቡና የማማው ግማሽ ወደቀ። የቀረው ማማ 46 ሜትር ቆሞ ሰማዩን ይወጋል። ከሥሩ ስትቆሙ እንዲያው ዝም ያሰኛል።

እዚያ ላይ አንድ ጎረምሳ ከሴት ጓደኛው ጋር ሆኖ በቁልፍ ግድግዳ ላይ ስም ሲቧጥጥ አየን። ልብ እየሳለ ነው! ጓደኛዬ ሄዶ የሆነ ነገር አለው፤ ልጁም ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሲመለስ «ምን አልከው?» ስለው «እህትህ አጥንት ላይ ነው የምትጽፈው አልኩት» አለኝ። ውሸቱን ግን አይደለም። በዚሁ ፍርስራሽ ውስጥ በ2004 አጥንት ተቆፍሮ ወጥቷል፤ በ1624 በፋርስ ንጉሥ ትእዛዝ የተገደለችው የጆርጂያዋ ንግሥት ኬቴቫን አጥንት መሆኑን በ2013 የዲኤንኤ ምርመራው ደግፎታል፤ በ2021 ህንድ ለጆርጂያ መንግሥት አስረክባለች። በድሮ ጽሑፍ የተመለከተውን መስኮትና ግድግዳ እየለኩ ነው ያገኙት። ፍርስራሽ ብሎ ጠርጎ የሲሚንቶ ወለል ያፈሰሰበት ሰው ቢኖር ኖሮ አስቡት።

እንቁላሉስ?

ጎዋ ስትሄዱ ቤቢንካ የሚባል ኬክ ብሉ። ድርብርብ ነው፤ በእንቁላል አስኳል፣ በኮኮናት ወተትና በስኳር እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው ይጋገራል። የሚወራውን ደግሞ ስሙ። ገዳም ውስጥ ነጩ ለልብስ መተኮሻ እየዋለ አስኳሉ ሲተርፍ ነው ኬኩ የተፈጠረው ይላሉ። ስፓኞች በገዙት ፊሊፒንስ ደግሞ ነጩ ለቤተክርስቲያን ግንብ ገባ፣ አስኳሉ ለጣፋጭ ዋለ ይባላል። እኛስ? የፋሲል ግንብ በእንቁላል ተሠራ ሲባል ያልሰማ አለ?

ጓደኛዬን ጠየቅኩት። ላቦራቶሪው ለእንቁላል ቶሎ አያጨበጭብም አለኝ። ፕሮቲን ከመቶ ዓመታት በኋላ እየበሰበሰ ስለሚጠፋ አለመገኘቱ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ግን ግንቡን ያቆመው እንቁላል ሳይሆን ኖራው ነው። ህንድ ውስጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርና የዕፅዋት ጭማቂ ኖራ ውስጥ መጨመር የታወቀ ሙያ ነው፤ ለመለወስና ለመድረቅ ይጠቅማል። ስለዚህ እንቁላሉን ሙሉ በሙሉ ተረት ነው አትበሉ፤ እንደ ዋና ነገር ግን አትቁጠሩት።

አሁን ወደኛ ልመልሳችሁ፤ መንገዱ ያለው ከዚያው ከአሮጌው ጎዋ ነውና። ከቦም ጄዙስ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ በር ብቻውን ቆሟል፤ ቤት የለው፣ ግቢ የለው፣ በር ብቻ። የኢየሱሳውያን የቅዱስ ጳውሎስ ኮሌጅ ቅሪት ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሚሲዮናውያን መነሻቸው ጎዋ ነበረች። ፔድሮ ፓኤዝ ከዚህ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ታስሮ፣ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ያኔ ቤት የሚሠራው በአብዛኛው በድንጋይና በጭቃ ነበር። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፍ እንደሚለው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ከህንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አገኘ። ከዚያ በጣና ዳር በጎርጎራና በደንቀዝ በኖራ የተያያዘ ግንብ መቆም ጀመረ። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ኖራውን ግን አላባረሩም። የጎንደር ግንቦችና ድልድዮች ማስረጃ ናቸው።

ሲሚንቶውም ደርሶናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጎንደርን ግንቦች በሲሚንቶ ጠገነ፤ በ1970ዎቹ በዩኔስኮ እገዛ ያን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካት የግድ ሆነ። ለአንድ ግንብ ሁለት ጊዜ ወጪ!

ዛሬስ? በየሰፈሩ «ለቤተክርስቲያናችን እድሳት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ» እየተባለ ይለመናል፤ ወጣቱም ከምሳው ቀንሶ ይሰጣል። እኔም የማኅበራችን ልጆች አዋጡ ሲሉኝ እሰጣለሁ። አዲስ አዳራሽ፣ አጥር፣ ሽንት ቤት ከሆነ እሰየው። አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ከረጢቱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። «ድንጋዩ በምን ነው የተያያዘው? በጭቃ ነው በኖራ? ማን አይቶታል?» በሉ። አባቶችን በአክብሮት፣ ጉልበት ስማችሁ ጠይቁ፤ ቢቆጧችሁም ታገሱ። ቅርስ የሆነ ቤት ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ሲጠየቅ ባለሙያ መጥቶ ያያል። የዩኒቨርሲቲ ኮንስትራክሽን ተማሪ በመካከላችሁ ካለ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ በነፃ ሰጠኋችሁ። በራሳችሁ ግን በቢላ እየፋቃችሁ ሎሚ አትጭመቁበት! ኖራም አሮጌ ሲሚንቶም ሊፈላ ይችላል፤ ምንም አይነግራችሁም፤ ግድግዳውን ብቻ ታበላሻላችሁ። ፎቶ አንሱ፣ ተቆርሶ የወደቀውን ከየት እንደወደቀ ጽፋችሁ ባለሙያ እስኪመጣ አስቀምጡ።

ጎዋ ለመሄድ የምታስቡ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ክረምታቸው ከኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም በነሐሴ የሄደ ሰው ከሆቴል አይወጣም። ከፓንጂም አሮጌው ጎዋ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሕዝብ አውቶቡስ ሞልቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያቸው ነፃ ነው። እጅጌ የሌለው ልብስና ቁምጣ አያስገባም፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ። የዣቪየር በዓል በታኅሣሥ 3 ቀን (በነሱ) ስለሚውል ግርግር የማትወዱ ያን ሳምንት ዝለሉት። አስከሬኑ ወርዶ ለሕዝብ የሚታየው በአሥር ዓመት አንዴ ነው፤ የመጨረሻው ከኅዳር 21 ቀን 2024 እስከ ጥር 5 ቀን 2025 ነበር። ቤቢንካውን ከቱሪስት ሱቅ አትግዙ፤ ፓንጂም ገብታችሁ ከዳቦ ቤት ግዙ። ሞቅ ብሎ ከአይስክሬም ጋር ነው የሚበላው።